ዓይን ያየው፥ ልብ የጨመረው

የሰው ልጅ የወንጀል ታሪክ መስማት ይወዳል። ይህ ጠባይ ከዘመናዊ መሣሪያ ጋር የመጣ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ወንጀለኛ በአደባባይ በሚሰቀልበት ዘመን፥ የሟቹን ጥፋትና የመጨረሻ ቃሉን የያዘ አንድ ገጽ ወረቀት ታትሞ ከመስቀያው አጠገብ በጥቂት ሳንቲም ይሸጥ ነበር፤ ገዢውም ብዙ ነበር። ከዚያ በኋላ ይህን ገበያ ጋዜጣ ወሰደው፤ ከጋዜጣ ሬዲዮ፥ ከሬዲዮም ቴሌቪዥን ወረሰው። በእኛ ዘመን ደግሞ ተራው ፖድካስት ለሚባለው ደረሰ። ፖድካስት ማለት በክፍል በክፍል ተቀርጾ በኢንተርኔት የሚሰራጭ፥ ሰው በመንገድ ሲሄድ ወይም እጁ በሥራ ተይዞ ሳለ በስልኩ የሚያዳምጠው ትረካ ነው።

ከእነዚህ ትረካዎች መካከል ስሙ እጅግ የገነነው «ሲሪያል» የተባለው ነው። ሣራ ኬኒግ የተባለች አሜሪካዊት ጋዜጠኛ በኦክቶበር 2014 ጀምራ በ12 ክፍል አቀረበችው። በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው አዳመጠው፤ ታላቁን የፒቦዲ ሽልማትም ተቀበለ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ኬኒግ ታሪኩን የጀመረችው ከሬሳው ወይም ከፍርድ ቤቱ አልነበረም። ጥቂት ወጣቶችን ከስድስት ሳምንት በፊት በነበረ በአንድ ቀን የት እንደ ዋሉ ጠየቀቻቸው። ልጆቹ ተደናገሩ። አንዱ ትምህርት ቤት ነበርሁ ይላል፤ ወዲያው ደግሞ ይጠራጠራል፤ ሌላው ምናልባት ሥራ ቦታ ነበርሁ ይላል፤ እርግጠኛ ሆኖ የሚናገር ጠፋ።

አንባቢ ሆይ፥ አንተም ይህን ገጽ ለጥቂት ጊዜ ተወውና ሞክረው። ከስድስት ሳምንት በፊት በነበረው ረቡዕ ከቀትር በኋላ በስምንትና በዘጠኝ ሰዓት መካከል የት ነበርህ? ከማን ጋር ተነጋገርህ? ያ ቀን ሠርግ ወይም ለቅሶ ያልነበረበት ተራ ቀን ከሆነ፥ መልስህ «እንዲህ ሳልሆን አልቀርም» ከሚለው አያልፍም። «እንዲህ ሳልሆን አልቀርም» የሚለው ቃል ደግሞ ትዝታ አይደለም፤ ግምት ነው። ጠያቂህ ወዳጅህ በሆነ ጊዜ ይህ ልዩነት ምንም አይጎዳህም። ጠያቂህ ፖሊስ የሆነ እንደሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

የኬኒግ ታሪክ እንዲህ ነው። በባልቲሞር ከተማ አጠገብ ሄይ ሚን ሊ የምትባል የ18 ዓመት ተማሪ ጃንዋሪ 13 ቀን 1999 ከትምህርት ቤት ከወጣች በኋላ ጠፋች። ከአራት ሳምንት በኋላ ሬሳዋ በአንድ መናፈሻ ጫካ ውስጥ ተቀብሮ ተገኘ። ፌብሩዋሪ 28 ቀን ፖሊስ የቀድሞ ወዳጇን አድናን ሰይድን ያዘ፤ ያን ጊዜ ልጁ የ17 ዓመት ተማሪ ነበር። በ2000 ዓ.ም. ጥፋተኛ ተብሎ ዕድሜ ልክና 30 ዓመት ተፈረደበት። ዐቃቤ ሕግ እንዳለው ግድያው የተፈጸመው ተማሪዎች ከተለቀቁ በኋላ ባለው 21 ደቂቃ ውስጥ ነው። ሰይድ አልገደልሁም ይላል፤ ያን 21 ደቂቃ ግን የት እንዳሳለፈው አጥርቶ መናገር አልቻለም። ዋናው የክስ ምስክር ሬሳውን በመቅበር ረድቸዋለሁ ያለ አንድ የሚያውቀው ወጣት ነው። ይህ ምስክር የሟችቱ መኪና የቆመበትን ቦታ ለፖሊስ አሳይቷል፤ ይህ ቀላል ማስረጃ አይደለም። ነገር ግን በየጊዜው የሰጠው ቃል በቦታና በሰዓት እርስ በርሱ አልገጠመም። በሌላ በኩል አንዲት የትምህርት ቤት ጓደኛ ሰይድ በተያዘ በቀናት ውስጥ፥ በዚያ ሰዓት በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አብረን ነበርን የሚል ደብዳቤ ጻፈችለት። በችሎቱ ግን ለምስክርነት የጠራት አልነበረም።

እንግዲህ አድማጩ ምን ያደርጋል? አንዱን ድምፅ ሰምቶ «ይህስ እውነተኛ ይመስላል» ይላል፤ ሌላውን ሰምቶ «ይህ ተንተባተበ፥ ይዋሻል» ይላል። ሚሊዮን ሰው እንደዚህ ፈረደ። ስለ ድምፅና ስለ እርግጠኝነት የታሪክ መዝገብ ምን እንደሚል የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። መዝገቡ አለ፤ ከመቶ ዓመትም ይበልጠዋል። ስለዚህ ባልቲሞርን ለጊዜው ትተን ወደ ሎንዶን እንሂድ።

በዲሴምበር 1895 አዶልፍ ቤክ የሚባል የኖርዌይ ተወላጅ በሎንዶን ቪክቶሪያ በሚባለው መንገድ ከቤቱ ደጃፍ ቆሞ ሳለ አንዲት ሴት መጥታ ያዘችው። «ሰዓቶቼን ምን አደረግሃቸው?» አለችው። ቤክ ሴቲቱን ከዚያ በፊት አይቷት አያውቅም። መንገዱን ተሻግሮ ለፖሊስ ይህች ሴት አስቸገረችኝ ብሎ ከሰሰ። ፖሊሱም ሁለቱንም ወደ ጣቢያ ወሰዳቸው። ሴቲቱ እንዳለችው፥ ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንድ ሰው ባለጸጋ መኰንን ነኝ ብሎ ቀርቧት፥ ገንዘብ የማይከፈልበት ቼክ ሰጥቶ ሰዓቶቿንና ቀለበቶቿን ይዞባት ጠፍቷል። በዚያ ወራት እንዲሁ የተታለሉ ሌሎች ሴቶችም ነበሩና ፖሊስ አስጠራቸው። ቤክ ከሌሎች ሰዎች ጋር በሰልፍ ቆመ፤ በሰልፉ ውስጥ ሽበትና ሪዝ ያለው ግን እርሱ ብቻ ነበር። ሴቶቹ ያለ ጭንቀት እርሱን አመለከቱ። በአጠቃላይ ወደ አሥር የሚሆኑ ሴቶች «ይህ ነው» አሉ።

የባሰው ገና ነው። በ1877 ዓ.ም. በዚሁ ዓይነት ማታለል የተፈረደበት ጆን ስሚዝ የተባለ ሰው ነበር። ስሚዝን ያሰረው ፖሊስ 18 ዓመት ካለፈ በኋላ ቀርቦ ቤክ ያ ስሚዝ ነው፥ አልጠራጠርም ብሎ ማለ። ቤክ ግን በ1877 በደቡብ አሜሪካ በፔሩ አገር ነበር፤ ይህንንም የሚመሰክሩለት ሰዎች ነበሩት። ዳኛው የ1877 ነገር በዚህ ችሎት አይነሣም ብሎ ከለከለ። ይህ ዳኛ በ1877 ስሚዝን የከሰሰው ዐቃቤ ሕግ ራሱ ነበር። ቤክ በማርች 1896 ሰባት ዓመት ከባድ እሥራት ተፈረደበት፤ በወህኒ ቤቱ መዝገብም የተጻፈው የስሚዝ የቀድሞው ቁጥር ነው።

በ1898 ዓ.ም. አንድ ነገር ተገኘ። ስሚዝ የተገረዘ ሰው መሆኑ በአሮጌው መዝገብ ተጽፏል፤ ቤክ ግን አልተገረዘም። እንግዲህ ቤክ ስሚዝ አለመሆኑ በሥጋው ተመሰከረ። ባለሥልጣኖቹ ምን ያደረጉ ይመስልሃል? ቁጥሩን ቀየሩለት። የ1877ቱ ሰው አይደለም፥ የ1895ቱ ግን እርሱ ነው፥ ሴቶቹ አይተውታልና ብለው በእሥር ቤት ተዉት። እኔ ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቍጥር የሚያስደንቀኝ የሴቶቹ ስሕተት ሳይሆን ይህ ነው። ሥጋው «አይደለም» እያለ፥ ወረቀቱ «አይደለም» እያለ፥ የሰው ትዝታ «ነው» ስላለ ትዝታው አሸነፈ።

ቤክ በ1901 ተለቀቀ። በኤፕሪል 1904 ሌላ ሴት በመንገድ አየችውና እንደ ገና ተያዘ፤ አሁንም ሌሎች ሴቶች መጥተው እርሱ ነው አሉ፤ አሁንም ጥፋተኛ ተባለ። በዚህ ጊዜ ግን ዳኛው በልቡ ስለ ተጠራጠረ የቅጣቱን ውሳኔ አዘገየው። አሥር ቀን ያህል እንደ ቆየ፥ ቤክ በእሥር ላይ ሳለ፥ አንድ ሰው ከሴቶች ያታለለውን ቀለበት በመያዣ አስይዞ ሊበደር ሲል ተያዘ። ያ ሰው እውነተኛው ስሚዝ ነበር። ቤክን ያስፈረዱት ሴቶች ይህን ሰው ባዩ ጊዜ አታላዩ እርሱ መሆኑን ተናገሩ። ለቤክ ምሕረት ተሰጠው፤ (ያልበደለ ሰው ምሕረት ሲሰጠው መስማት እንግዳ ነገር ነው፥ ሕጉ ግን ሌላ ቃል አልነበረውም) 5000 ፓውንድም ካሣ ተከፈለው። መንግሥት አጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ፤ በ1907 ዓ.ም. እንግሊዝ የወንጀል ይግባኝ ፍርድ ቤት እንድታቋቁም ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ የቤክ መከራ ነው። እርሱ ራሱ በ1909 ሞተ።

እነዚያ ሴቶች ውሸታሞች ነበሩ ብሎ የሚያስብ ሰው የዚህን ታሪክ ፍሬ አላገኘውም። አንዳቸውም አልዋሹም። የተዘረፉ፥ የተዋረዱ፥ ፍርድ የሚፈልጉ ሰዎች ነበሩ። ሽበት ያለው፥ ሪዝ ያለው፥ የውጭ አገር አነጋገር ያለው ሰው በፊታቸው ሲቆም፥ የደበዘዘውን የአታላዩን ፊት የቤክ ፊት ተካው። ከዚያ በኋላ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያስቡ የሚመጣላቸው ቤክ ነው። ስለዚህ ሲምሉ በእውነት ነው የሚምሉት።

በዚያው ወራት በአውሮፓና በአሜሪካ ሊቃውንት ነገሩን በሙከራ ይመረምሩት ጀመር። በ1901 ዓ.ም. በበርሊን ፍራንስ ፎን ሊስት የተባለው የሕግ መምህር በትምህርት ክፍሉ አስቀድሞ የተዘጋጀ ጠብ አስነሣ፤ ሁለት ተማሪዎች ተሰዳደቡ፥ አንዱ ሽጉጥ አወጣ፥ ሽጉጡ ጮኸ። ቀጥሎ ያያችሁትን ጻፉ ተባሉ። ከሁሉ ጥቂት የተሳሳተው ተማሪ ከመቶ 26 እጅ፥ ከሁሉ የበለጠ የተሳሳተው ከመቶ 80 እጅ ሳተ። ያልተነገረ ቃል ተነገረ ብለው የጻፉ ነበሩ። እነዚህ የሕግ ተማሪዎች ናቸው፤ ነገ ዳኛና ጠበቃ የሚሆኑ።

የሀርቫርድ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ሁጎ ሙንስተርበርግ በ1908 ዓ.ም. ስለ ምስክሮች አንድ መጽሐፍ አሳተመ። በመጽሐፉ ውስጥ በራሱ ላይ የደረሰውን ይናገራል። ቤቱን ሌባ ዘረፈውና ፍርድ ቤት ቀርቦ በመሐላ መሰከረ። ሌቦቹ በምድር ቤት መስኮት ገቡ አለ፤ አንድ ሰዓት በወረቀት ጠቅልለው ትተው ሄዱ አለ። ኋላ ሲመረመር የገቡት በር ሰብረው ነው፤ ሰዓቱም የተጠቀለለው በወረቀት ሳይሆን በጠረጴዛ ልብስ ነው። ስለ ትዝታ ስሕተት የሚያስተምር ሊቅ በገዛ ቤቱ ጉዳይ እንደዚህ ሆነ። የዚያ ዘመን ታላላቅ ጠበቆች መጽሐፉን አላግጠውበታል። ሕግ ለሥነ ልቡና ጆሮ የሰጠው ዘግይቶ ነው።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ የበለጠ ያሳየው የካምብሪጁ ፍሬድሪክ ባርትሌት ነው። በ1932 ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ተጻፈው፥ ለእንግሊዛውያን ከሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ተረት አንዱን አስነበባቸውና በየጊዜው እንደ ገና እንዲናገሩት አደረገ። ተረቱ መናፍስትና ታንኳ ያሉበት፥ ለእንግሊዛዊ ጆሮ እንግዳ የሆነ ነው። በተደገመ ቍጥር ታንኳው ጀልባ ሆነ፤ ያልገባቸው ነገር ወደቀ፤ ባዶ የቀረውን ቦታ ባወቁት ነገር ሞሉት። ማንም አስቦ አልቀየረውም።

ብዙዎቻችን ትዝታን እንደ ጎተራ እንቆጥረዋለን፤ የገባው እህል ሲፈለግ ያው ሆኖ የሚወጣ ይመስለናል። እውነተኛ ምሳሌው ግን የጭቃ ቤት ነው። ግድግዳው በየክረምቱ ይሰነጠቃል፤ ባለቤቱም በየዓመቱ ይመርገዋል። የሚመርግበት ጭቃ ደግሞ ቤቱ በተሠራበት ዓመት የተቦካው ሳይሆን ዛሬ ከደጅ ያገኘው ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ ያ ግድግዳ የቆመ ነው፥ የጠነከረም ነው፤ ከመጀመሪያው ጭቃ ግን ምን ያህሉ እንደ ቀረ ባለቤቱ ራሱ አያውቅም።

የጠያቂው ቃል እንኳ ጭቃ ይሆናል። በ1974 ዓ.ም. ኤልሳቤጥ ሎፍተስና ጆን ፓልመር የተባሉ አሜሪካውያን ለተማሪዎች የመኪና ግጭት ፊልም አሳዩ። ለአንዳንዶቹ «መኪኖቹ ሲነካኩ ፍጥነታቸው ምን ያህል ነበር?» ብለው ጠየቁ፤ ለሌሎቹ «ሲላተሙ» ብለው ጠየቁ። «ሲነካኩ» የተባሉት በአማካይ በሰዓት 31.8 ማይል አሉ፤ «ሲላተሙ» የተባሉት ከ40 ማይል በላይ አሉ። ፊልሙ አንድ ነው፤ የተለየው አንድ ግስ ነው። በሌላ ሙከራ ከሳምንት በኋላ የተሰበረ መስታወት አይታችኋል ወይ ተብለው ሲጠየቁ፥ «ሲላተሙ» ከተባሉት 50 ሰዎች 16ቱ አዎን አሉ። በፊልሙ ውስጥ የተሰበረ መስታወት አልነበረም።

ምናልባት አንባቢ፥ ይህ ለተራ ነገር ይሆናል፥ ልብን ያስደነገጠ ነገር ግን አይረሳም ይል ይሆናል። እኛም በታላቅ ቀን የት እንደ ነበርን እናስታውሳለን፤ የመንግሥት ለውጥ የተነገረበትን ሰዓት፥ የወላጅ ሞት የሰማንበትን ቦታ። ይህን ሐሳብ የፈተነው ኡልሪክ ናይሰር ነው። ጃንዋሪ 28 ቀን 1986 ቻሌንጀር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር ሰባት ሰዎች እንደ ጫነች በሰማይ ላይ ፈነዳች። ናይሰር በማግሥቱ ጠዋት የኤመሪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ወሬውን የት፥ ከማንና እንዴት እንደ ሰሙ በገዛ እጃቸው እንዲጽፉ አደረገ። ወደ ሁለት ዓመት ተኩል ቆይቶ 44ቱን አግኝቶ ያንኑ ጠየቃቸው። 11ዱ ከዋናው ነገር አንዱን እንኳ አላገኙትም፤ ሁሉን ያስታወሱት ሦስት ብቻ ናቸው። ብዙዎቹ ግን እርግጠኞች ነበሩ። ከዚያ የጻፉትን ወረቀት አሳያቸው። የእጅ ጽሑፋቸው መሆኑን አወቁት፤ ነገር ግን ወረቀቱን አይተው የፊተኛው ትዝታ የተመለሰላቸው አንድም አልተገኘም።

ይህ ሁሉ በትምህርት ቤት ውስጥ ሲሆን የማንም ዕድሜ አይጠፋበትም። በሰሜን ካሮላይና ግን ጠፋበት። በጁላይ 1984 በበርሊንግተን ከተማ አንድ ሰው በሌሊት ወደ አንዲት የኮሌጅ ተማሪ ቤት ገብቶ ደፈራት። ልጅቱ ብርቱ ነበረች፤ በሕይወት ከወጣሁ ይህን ሰው አስፈርድበታለሁ ብላ በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሆና ፊቱን አጠናች። ኋላ ፖሊስ ፎቶግራፎች ባሳያት ጊዜ ብዙ አሰበችና ሮናልድ ኮተን የሚባለውን ሰው መረጠች። ቀጥሎ በሰልፍ መካከል አየችውና ደግማ እርሱን አለች፤ በፎቶግራፍ የመረጥሽው ያው ሰው ነው ብለውም ነገሯት። ከዚያ ወዲያ ጥርጥር ጠፋ። ኮተን በ1985 ተፈረደበት። በ1987 ጉዳዩ እንደ ገና ሲታይ ቦቢ ፑል የተባለውን ሌላ እስረኛ በፊቷ አቆሙት። ልጅቱ አይታው «ይህን ሰው ከዚህ በፊት አይቼው አላውቅም» አለች። በ1995 የዲ ኤን ኤ ምርመራ ተደረገ፤ የደፈራት ፑል ነበር። ኮተን ከአሥር ዓመት ተኩል እሥራት በኋላ ወጣ። እርሷ እንደ ተናገረችው፥ እውነቱን ካወቀች በኋላም በሕልሟ የሚመጣባት ፊት የኮተን ፊት ነበር። ሁለቱ ኋላ ተገናኝተው ታረቁ፤ በ2009 ታሪካቸውን በአንድነት በመጽሐፍ አወጡ።

ኮተን ብቻውን አይደለም። በአሜሪካ ከ1989 እስከ 2020 በዲ ኤን ኤ ምርመራ ነጻ ከወጡት 375 ሰዎች ከመቶ 69 ያህሉ ላይ ምስክር ተሳስቶ አይቻለሁ ብሎባቸው ነበር።

አሁን ወደ ፖድካስቱ እንመለስ። አድማጮቹን ሳስብ በአገራችን የነበረው አፈርሳታ፥ አውጫጭኝም የሚባለው፥ ትዝ ይለኛል። ወንጀል በተሠራ ጊዜ የአገሩ ሰው በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ ወንጀለኛው እስኪወጣ ድረስ ሥራውን ፈትቶ ይቀመጥ ነበር፤ የቀረም መቀጫ ይከፍል ነበር። ስሙ ሳይገለጥ ምስጢር የሚያቀብለውም «ወፍ» ይባል ነበር። ሥርዓቱ ብዙ ሌባ አውጥቷል። ሆኖም እርሻው የቀረበት፥ ፀሐይ የመታው፥ ቤቱ መሄድ የናፈቀው ሕዝብ አንድ ስም ሲነሣ ምን ያህል እንደሚቀልለው ማሰብ አያዳግትም። የፖድካስት አድማጭም እንደዚሁ መጨረሻ የሚናፍቅ ጉባኤ ነው። አሥራ ሁለት ሳምንት ተከታትሎ «ማን እንደ ገደለ አልታወቀም» መባል አይወድም። ነገር ግን የአፈርሳታው ሰው ቢያንስ መንደሩንና ጎረቤቱን ያውቃል፤ ይህኛው ግን ባልቲሞርን በካርታ እንኳ ያላየ ሊሆን ይችላል። ከ«ሲሪያል» በኋላ በየአገሩ ተቀምጠው መርማሪ የሆኑ፥ በታሪኩ የተነሡትን ሰዎች ስምና መኖሪያ የፈለጉ ብዙ ነበሩ። ምስክሮቹ ደግሞ ከ15 ዓመት በኋላ እንደ ገና ተጠየቁ፤ ግድግዳው እንደ ገና ተመረገ፤ አሁንም ማን ምን እንዳስታወሰና ማን በፖድካስት እንደ ሰማው ለመለየት እጅግ ያስቸግራል። የሟችቱ ወንድም በ2022 ለፍርድ ቤት ሲናገር፥ ይህ ለእኔ ፖድካስት አይደለም፥ በእውነት የምኖርበት ሕይወት ነው የሚል ቃል ተናግሯል።

ይህን ስል ይህ ሥራ ሁሉ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። «ኢን ዘ ዳርክ» የተባለው ፖድካስት በ2018 የከርቲስ ፍላወርስን ጉዳይ አቀረበ። ፍላወርስ በ1996 በሚሲሲፒ በዊኖና ከተማ በአንድ የቤት ዕቃ መደብር አራት ሰዎች ገድሏል ተብሎ በአንዱ ክስ ስድስት ጊዜ ለፍርድ የቀረበ ሰው ነው። በዚያ ጠዋት በከተማው ሲሄድ አየነው ያሉ ብዙ ምስክሮች ነበሩ። ጋዜጠኞቹ የእነዚህን ሰዎች ድምፅ ሰምተው ብቻ አልተመለሱም፤ በከተማው ተቀምጠው እያንዳንዱ ቃሉን መቼ እንደ ሰጠ መረመሩ። ብዙዎቹ የተጠየቁት ከግድያው ሳምንታትና ወራት ካለፉ በኋላ ሆኖ ተገኘ። በእሥር ቤት ሳለ ተናዘዘልኝ ያለው ዋና ምስክርም ለጋዜጠኞቹ ውሸት ነበር አላቸው። ከዚህ ሌላ የ225 ችሎቶችን መዝገብ ከየፍርድ ቤቱ ምድር ቤት አውጥተው ቆጠሩና፥ የዚያ ወረዳ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ጁሪ ከሚባሉት የሕዝብ ፈራጆች መካከል ጥቁሮችን ከነጮች 4.4 እጥፍ እያበለጠ ያስወግድ እንደ ነበረ አሳዩ። በ2019 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጁሪው አመራረጥ ምክንያት ፍርዱን ሻረ፤ በ2020 ክሱ ተሰረዘ። ፍላወርስ ወደ 23 ዓመት የሚጠጋ ታስሯል። እኔ በሁለቱ ፖድካስቶች መካከል የማየው ልዩነት እዚህ ላይ ነው፤ የመጀመሪያው አብዝቶ «ማንን ታምናለህ?» ይላል፥ ሁለተኛው «መቼ ተጻፈ?» ይላል።

የሰይድ ነገር እስከ ቅርብ ጊዜ ተንገላትቷል። ፍርዱ በ2016 ተሰረዘ፥ በ2019 ተመለሰ፤ በ2022 ተሰርዞ ሰይድ ከ23 ዓመት በኋላ ወጣ፤ የሟችቱ ቤተሰብ በጊዜው ተገቢው ማስታወቂያ አልተሰጠንም ብለው ይግባኝ በማለታቸው በ2023 ፍርዱ እንደ ገና ተመለሰ፤ በ2024 የሜሪላንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህንኑ አጸና። በማርች 2025 ዳኛዋ ሰይድ በልጅነቱ የተፈረደበት መሆኑን አይታ የታሰረው ይበቃዋል አለች፤ ጥፋተኛነቱን የወሰነው ፍርድ ግን አልተነሣም።

ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ኬኒግ ያገኘችው አንድ ነገር አለ። በ1999 ዓ.ም. በዚያ ቤት ውስጥ የሚገባና የሚወጣውን የሚቀርጽ አንድ ተራ ካሜራ ነበረ። ልጁ በዚያ ቀን ገብቶ ከነበረ በክሩ ላይ ይታይ ነበር፤ ካልገባም ባዶው ወንበር ይታይ ነበር። ነገር ግን ሠራተኞቹ ክር ለመቆጠብ በየሳምንቱ በአሮጌው ላይ አዲስ ይቀርጹበት ነበር። ፖሊስ ሰይድን የያዘው ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው።